ሦስተኛው ጥቅል

ጌታዬ፣ ዝርዝርህ ማክሰኞ ደረሰኝ፣
ግማሹን አንብቤ ግማሹ አሳቀኝ።
«አምስት ጥቅል እንባ፣ ዋስትና ያለው፣
መሐረብ ያልያዘ በእጅጌው ያብሰው።
የካውቦይ ፊልም፣ ሰባት የሽጉጥ ተኩስ፣
ሁለት ጊዜ ግልቢያ፣ መጨረሻው ላይ አንድ መሳም፣ እሱም ለስለስ።»
ዋጋው በቀን አራት፣ ቅዳሜ ግን ስድስት፣
እንባን ከጥይት ጋር ለወሰደ ደግሞ ቅናሽ ከመቶ አምስት።

አንተ ኦማሃ ነህ፤ እዚህ ግን ዳኮታ፣
ከነፋስ በስተቀር ሌላ የለም ጌታ።
ሲኒማ የምልህ ድሮ የስንዴ ጎተራ፣
ማያው የአልጋ አንሶላ፣ ስፌቱ በስተግራ።
ጀግናው ወደ ግራ በጋለበ ቁጥር
ፊቱ ይሰነጠቃል በእጄ መርፌ መስመር።

ኖርዌያዊው አለ፣ ቼኩ፣ ጀርመኑ አለ፣
ሁሉም ከእንግሊዝኛ ፊደል ጋር ያልዋለ።
አንዲት መስመር ጽሑፍ መሐል ብቅ ካለች
መምህርቷ ዝደንካ ቆማ ትጮኻለች፣
በሦስት ቋንቋ።
ሽፍታው በጀርመንኛ ከመዛቱ በፊት
በቼክኛ ሞቶ ይገኛል አንዳንድ ሌሊት።

ሃልቮር የሚሉት ሽማግሌ አለ ደግሞ፣
እግሩ ከኮርቻ ብዛት ተጣሞ፣
በጉብዝናው ዘመን በቴክሳስ ሜዳ ላይ
ከብት ሲነዳ የኖረ፣ አቧራ እየቃመ፣ ዝናብ እየለመነ ከሰማይ።
የካውቦይ ፊልም ባሳየሁ ቁጥር
ከኋላ አግዳሚ ይጀምራል ክርክር፦
«ፈረሱ አይጠማም? አይጥልም ወይ ፋንድያ?
ይህ ሰውዬስ መቼ ነው የሚሸና፣ ከጠዋት እስከ ማታ ግልቢያ?»

አሁን ወደ ነገሬ።

ያለፈው ቅዳሜ የላክኸው ሣጥን
ላዩ ጥይት ቢልም ውስጡ ሌላ ሆነን።
አንደኛው ጥቅል ደግ፣ ሁለተኛው ደግ፤
ጀግናው ሽፍታውን ያዘው ከገደሉ ጥግ፣
ሽጉጡን መዘዘ።
ልጄ ኦታካር ማሽኑን አቆመ፣ ጥቅል ሊቀይር፣
እኛም በጨለማው ስንስል፣ ስንማከር።

ሦስተኛው ሲጀምር
ገደሉም የለ፣ ፈረሱም፣ ሽፍታውም።
አንዲት ሴት ብቻ። አንድ ክፍል። አንድ አልጋ፣
የልጅ።
መብራቱን ዝቅ ታደርጋለች፣
በመስኮት ታያለች፣ መንገዱ ባዶ ነው፣
ትመለሳለች፣ የልጁን ግንባር በእጇ ጀርባ ትዳስሳለች፣
እንደገና ወደ መስኮቱ።

የሌላ ሣጥን ነው፤ የእንባው ነው፤ ገባኝ።
«አቁም» ልለው ወደ ኦታካር ስዞር ግን አንድ ነገር ያዘኝ፦
ማንም አልጮኸም። ገንዘቤን ያለ የለም።
ፒያኖ ላይ የፈረስ ኮቴ ስትመታ የቆየችው የሶልቬግ ጣቷ
ቀስ አለ፣ ቀስ አለ፣ ሆነ የልብ ምቷ።
ዝደንካ ማንበብ ተወች። ሦስቱም ቋንቋ ዝም።

ያን ጊዜ ከኋላ፣ ሃልቮር፣ ሳያጉረመርም፣
«ልክ ነው» አለ። «ልክ ነው፤ ይህ ነው የጎደለው።
እኛ እዚያ ስንጋልብ፣ እቤት የሚሆነው ይኸው ነው።»
ኮፍያውን አወለቀና
ጉልበቱ ላይ አኖረው።

በአራተኛው ጥቅል ተመለሰ ገደል፤
ጀግናው ተኮሰ፣ ሽፍታው ወደቀ፣ ግን ማን ያየዋል?
ያን መስኮት ነበር ሁላችን የምናስበው፦
የምትጠብቀው ማንን ነው? ሽፍታውን ነው? ጀግናውን ነው?

እሑድ በማለዳ ሃልቮር መጣ በጋሪ፣
ወረቀት ለመነኝ፣ ከዝደንካም ደግሞ የጽሕፈት ተባባሪ።
ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤
አርባ ዓመት የዘገየ ደብዳቤ ቶሎ አያልቅም፣ ማታም አልጨረሱም።

ስለዚህ ጌታዬ፣ ስህተትህን ሰምተህ
ትክክለኛውን ጥቅል እንዳትልክ ፈጥነህ።
የቅዳሜው ስድስት ዶላር፣ ለእንባውም ሁለት፣ በፖስታው ውስጥ አለ፤
ቅናሹ ይቅርብኝ።
ለዚያ ለሌላው ከተማ፣ ሕፃኑ አልጋ ላይ ሳለ
ድንገት ገደልና ሽጉጥ ለመጣባቸው
ይቅርታ በልልኝ።
ምናልባት እዚያም አንዲት ሴት ነበረች፣
ከአግዳሚዋ ብድግ ብላ
«ለካ እዚህ ነው የቆየው!» ያለች።

ሉድሚላ ሆሬሽ

ማስታወሻ፦ ለመጋቢት ሁለት የካውቦይ ፊልም ላክ።
ፈረሱ ውሃ የሚጠጣበት ካለ
እሱን አስቀድምልኝ።